በፈረሶች ሻኩራ ላይ የተጻፈው ስም፦ በተሽከርካሪ ላይ ስለምንለጥፋቸው ቃላትና ሥዕላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በከተሞቻችን ጎዳና የሚሄድ ሰው ሳያስበው አንባቢ ይሆናል። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ሚኒባስ ታክሲ በኋላ መስተዋቱ ላይ የመልአክ ሥዕል ለጥፎ ያልፋል፤ ወደ ውስጥ የገባ ተሳፋሪ ደግሞ በሩን ቀስ አድርጎ እንዲዘጋ የሚያሳስብ ማስታወቂያና ከእርሱ አጠገብ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጓደኛ ክዳት ወይም ስለ ሴቶች የተቀለደ ቀልድ ያነባል። ባጃጁ በጀርባው የእመቤታችንን ሥዕል ይዟል፤ የጭነት መኪናው በግንባሩ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን አስቀምጧል። የሙስሊም ጎረቤታችን መኪናም የራሱን እምነት የሚገልጽ ቃል ይዞ በዚያው መንገድ ይጓዛል። ሁሉም ይናገራል፤ ሁሉም ይነበባል።

ብዙዎቻችን ይህን ነገር የዘመናችን ፈሊጥ ብቻ አድርገን እናየዋለን። አንዳንዱ «እምነቱን መመስከሩ ነው» ብሎ ያደንቃል፤ ሌላው «ቅዱሱን ነገር ማቃለል ነው» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ግን ጥያቄው ትናንት የተጀመረ አለመሆኑን ይዘነጋሉ። ሰው በሚሄድበት፣ በሚይዘውና በሚገበያይበት ዕቃ ላይ የእምነቱን ምልክት ማኖር የጀመረው መኪና ከመሠራቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ስለዚህ ነገር አስባለች፣ አስተምራለች፣ አባቶችም ተከራክረውበታል። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ ተመልክተን ለዛሬው ጎዳናችን ምን እንደሚነግረን እናያለን።

፩. ፈረሱና ስሙ

በሀገራችን የመጓጓዣ ቃል ማለት አስቀድሞ የፈረስ ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» ይባሉ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ነበሩ። ስሙ የፈረሱ ሆኖ የሚነግረን ግን ስለ ጋላቢው ነው። ጋላቢው ለሀገሩ ምን ሊሆን እንደሚሻ በፈረሱ ስም ያውጃል፤ ያወጀውንም በጦር ሜዳና በአደባባይ በሥራ ማሳየት ይጠበቅበታል። «አባ መላ» ተብሎ መላ ያጣ፣ «አባ ዳኘው» ተብሎ ፍርድ ያዛባ ሰው በገዛ ስሙ ይወቀሳል። እንግዲህ በተሽከርካሪ ላይ የሚለጠፍ ቃል የመጀመሪያ ሕጉ ከዚህ ይገኛል፦ ቃሉ የጋላቢው ዕዳ ነው።

በቅዱስ መጽሐፍም ፈረስ ጽሕፈት ተሸክሞ እናገኘዋለን። ነቢዩ ዘካርያስ ስለሚመጣው የጌታ ቀን ሲናገር በፈረሶች ሻኩራ ላይ ለእግዚአብሔር የተቀደሱ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሕፈት እንደሚኖር፣ በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ያለ ተራ ምንቸት ሁሉ የተቀደሰ እንደሚሆን ተንብዮአል (ዘካ. 14፥20-21)። ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ማስተዋል ያስፈልጋል። በሙሴ ሕግ ይኸው ጽሕፈት በንጹሕ ወርቅ ተቀርጾ የሚቀመጠው በሊቀ ካህናቱ ግንባር ላይ ነበር (ዘጸ. 28፥36)። በመቅደስ ለአንድ ሰው ብቻ ተወስኖ የነበረው ቃል በነቢዩ ትንቢት ወደ ጎዳና ወጥቶ በፈረስ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ እግዚአብሔር የሚቀደስበት ቦታ መቅደሱ ብቻ ሳይሆን የሰው ዕለታዊ ኑሮ፣ ገበያው፣ መንገዱና ማድ ቤቱ ጭምር እንዲሆን ይወዳል። በመሆኑም በተሽከርካሪ ላይ የእግዚአብሔርን ስም ማኖር በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው እንዴትና ለምን የሚለው ነው።

፪. የንግሥት እሌኒ ችንካርና የአባቶች ክርክር

የመስቀልን በዓል የምናከብር ሁላችን የንግሥት እሌኒን ታሪክ እናውቃለን። ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ በምዕራቡም በምሥራቁም ጸሐፍት የተመዘገበ አንድ ነገር አለ። ንግሥቲቱ ጌታ ከተቸነከረባቸው ችንካሮች አንዱን ለልጇ ለቆስጠንጢኖስ ፈረስ ልጓም እንዳሠራችው ተጽፏል። የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ እ.ኤ.አ. በ395 በንጉሥ ቴዎዶስዮስ የቀብር ሥርዓት ላይ ባሰማው ንግግር ይህን ጠቅሶ የዘካርያስ ትንቢት በዚያ ልጓም እንደተፈጸመ ተናግሯል። የትርጓሜው መንፈስ ያማረ ነው፤ የነገሥታት እብሪት በክርስቶስ ችንካር ልጓም ሊገባለት ይገባል ማለቱ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የነበረውና ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ላቲን የተረጎመው ጄሮም ትንቢተ ዘካርያስን ሲያብራራ ይህን አተረጓጎም ነቅፎታል። ነገሩን ያሰቡት ሰዎች አሳባቸው በጎ ቢሆንም ትርጓሜው ግን የሚያስቅ ሆኖ አግኝቶታል። ነቢዩ የተናገረው ስለ ዓለም ሁሉ መቀደስ ሆኖ ሳለ በአንድ ንጉሥ ፈረስ ልጓም ውስጥ መወሰኑ ለእርሱ አልተዋጠለትም።

ሁለቱ ሊቃውንት የተለያዩበት ነጥብ ዛሬም ያለ ነው። አንዱ «ቅዱሱ ነገር ወደ ዕለታዊ ኑሮ ይግባና ልጓም ይሁን» ይላል። ሌላው «ዕቃውን ቀድሰህ ራስህን ሳትቀድስ እንዳትቀር ተጠንቀቅ» ይላል። ቅዱስ ሥዕል ለጥፎ የሚያሽከረክር ሰው ሁለቱንም ድምፆች ሊሰማ ይገባዋል።

፫. ማኅተሙና ሳንቲሙ

በመከራው ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች እምነታቸውን በአደባባይ መጻፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ የዓሣ ምልክትን ይጠቀሙ ነበር፤ በግሪክ «ዓሣ» የሚለው ቃል ፊደላት «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መድኃኒት» የሚለው ሐረግ የየቃላቱ መነሻ ፊደላት ናቸውና። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ያስተምር የነበረው ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ክርስቲያኖች በቀለበታቸው ማኅተም ላይ ምን ምልክት ሊያስቀርጹ እንደሚገባ መክሯል። ርግብ፣ ዓሣ፣ በነፋስ የምትሄድ መርከብ፣ በገና ወይም መልሕቅ ቢሆን ፈቅዷል። የጣዖት መልክን ከልክሏል፤ ሰላምን ለሚከተሉ ሰይፍና ቀስት፣ በመጠን ለሚኖሩም የመጠጥ ጽዋ እንደማይስማማቸው አስተምሯል። የእርሱ ምክር ልብ ምልክቱ ከባለ ቀለበቱ ሕይወት ጋር ይስማማ የሚለው ነው። የሰላም ሰው የጦርነት ምልክት አይይዝም፤ እንዲሁም የሰላም ምልክት የያዘ ሰው ጠበኛ አይሆንም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የራሳቸውን ሳንቲም ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ያስቀርጹ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች አናት ላይ የሚታየው የጨረቃና የክብ ምልክት ነበር። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን ያ ምልክት ቀርቶ በስፍራው መስቀል ተተካ። በገንዘባቸው ላይ መስቀልን ካስቀረጹ የዓለም ነገሥታት መካከል የአክሱም ነገሥታት ከቀደሙት ወገን ናቸው። ከዒዛና በኋላ በተቀረጹ አንዳንድ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ መስቀሉ ያለበት ስፍራ በቀጭን ወርቅ ተለብጦ ይገኛል። ከእነዚህ ዘመናት ሳንቲሞች በአንዱ ላይ በመስቀሉ ድል መነሣትን የሚናገር የግእዝ ጽሕፈት፣ በሌሎችም ላይ ይህ ነገር ሀገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ጽሕፈት እናነባለን።

ይህን ልብ እንበለው። የመዳብ ሳንቲም ድሀው በገበያ የሚለዋወጠው ገንዘብ ነው። ንጉሡ በድሀው እጅ ላይ መስቀልን ሲያኖር ሕዝቡ ደስ እንዲለው መመኘቱን አብሮ ጻፈ። የእምነት ምልክትና ለባልንጀራ ያለ በጎ ፈቃድ በአንድ ሳንቲም ላይ ተገናኙ። ይህ አባቶቻችን የተዉልን መለኪያ ነው፦ በአደባባይ የምናኖረው የመስቀል ምልክት አብሮን ለሚኖረው ሰው ሁሉ በጎነትን የሚመኝ ሊሆን ይገባዋል።

፬. በግንባርና በክንድ ላይ የተጻፈው

በታሪካችን ጽሕፈት ያለ ልብ የሚያመጣውን አደጋ የሚያሳይ ምዕራፍም አለ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ሥርዓት የደከሙ ንጉሥ እንደነበሩ ሁላችን እንመሰክራለን። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን ንጉሡ ባዕድ አምልኮን ለማጥፋት ካወጧቸው ትእዛዞች አንዱ ሕዝቡ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹም ላይ ዲያብሎስን የሚክድና የእመቤታችን አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዲጽፍ የሚያዝ ነበር።

የንጉሡ ዓላማ በጎ ነበር። ነገር ግን ያው ዜና መዋዕል በዚያ ዘመን በሕዝቡ ላይ ታላቅ ፍርሃት እንደወደቀ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው በጣዖት አምልኮ እንደተካሰሱ፣ የንጉሡ ልጆች እንኳ ከዚህ ክስና ቅጣት እንዳላመለጡ ይተርካል። በግንባር ላይ ያለው ጽሕፈት የልብን ነገር ሊያረጋግጥ አልቻለም። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል በግንባሩ ሲይዝ ቃሉ አማኙን ከአስመሳዩ መለየቱ ይቀራል። ከዚህ የምንማረው ንጉሡን መውቀስን አይደለም፤ ጽሕፈት ምስክር የሚሆነው ባለቤቱ ሲኖርበት ብቻ መሆኑን ነው።

፭. ልጥፉ የተወለደበት ሀገር

ዛሬ «ስቲከር» የምንለው ነገር መልክ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ነው። ቀድሞ ሰዎች ማስታወቂያን በካርቶን ላይ ጽፈው በሽቦ ከመኪናው መከላከያ ጋር ያስሩት ነበር። በካንሳስ ሲቲ የሚኖር ፎረስት ጊል የተባለ የኅትመት ባለሙያ በጦርነቱ ዘመን የተስፋፋውን የሚያበራ ቀለምና በጀርባው ማጣበቂያ ያለውን ወረቀት አዋሕዶ ይህን ልጥፍ እንደፈጠረ ይነገርለታል። መጀመሪያ የጎብኚዎች መዳረሻዎችን ለማስተዋወቅ አገለገለ፤ ወዲያው ፖለቲከኞች ለምርጫ ቅስቀሳ ተጠቀሙበት፤ በ1970ዎቹ ደግሞ የሃይማኖት መልእክት ማስተላለፊያ ሆነ።

በዚያ ዘመን ታዋቂ ከሆኑት አንዱ ኢየሱስን የሚወድ ሁሉ ክላክስ እንዲያሰማ የሚጋብዝ ነበር። የጌታ ፍቅር በክላክስ ድምፅ ተለካ! በመከራ ዘመን በድብቅ የተሣለው የዓሣ ምልክትም በመኪኖች ጀርባ ላይ ታየ። ብዙም ሳይቆይ በእምነቱ የሚያፌዙ ሰዎች ለዓሣው እግር አውጥተው የዳርዊንን ስም ጻፉበት። ለዚያ መልስ ደግሞ እግር ያለውን ዓሣ የሚውጥ ትልቅ ዓሣ ተሠራ። ሰማዕታት እርስ በርስ የተዋወቁበት ምልክት በመኪና ጀርባ የመዘላለፊያ መሣሪያ ሆነ። ሁለቱም ወገን አንድም ሰው አላሳመነም፤ ሁለቱም ግን የማሸነፍ ስሜት ተሰምቷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት በዚህ ላይ የሚያሳስብ ነገር አግኝቷል። በመኪናቸው ላይ ልጥፍና መሰል ምልክት የሚያበዙ አሽከርካሪዎች ቁጣቸውን በመንዳት የመግለጽ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ የሚገርመው የልጥፉ ይዘት ልዩነት አለማምጣቱ ነው፤ ሰላምን የሚሰብከውም ጠብን የሚጭረውም ልጥፍ በዚህ ረገድ አልተለያዩም። ተመራማሪዎቹ ነገሩን የተረዱት ሰው ምልክት የለጠፈበትን መኪና እንደ ግዛቱ አድርጎ ስለሚይዝ፣ የሚጋፋውን ሁሉ ግዛቱን እንደደፈረ አድርጎ ስለሚያይ ነው በማለት ነው። የቀሌምንጦስ ምክር እዚህ ላይ ይታወሰናል፤ የርግብ ምልክት ያለበት እጅ በቁጣ መሪ ሲጠመዝዝ ምልክቱና ባለቤቱ ተለያይተዋል።

፮. ታቦቷ በጦር ሜዳ

ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ግን ትልቁ ፈተና ከመዘላለፍም የሚከፋ ነው፤ እርሱም ቅዱሱን ሥዕል እንደ ክታብ መቁጠር ነው። «መልአኩ ከኋላዬ አለ» እያለ በከተማ ውስጥ የሚበር፣ ከመጠን በላይ የሚጭን፣ ፍሬኑ ማለቁን እያወቀ የሚወጣ ሹፌር አለ። በሥዕሉ መተማመኑ ከመጠንቀቅ ነፃ ያወጣው ይመስለዋል።

በነቢዩ ሳሙኤል ዘመን እስራኤል ይህን ሞክረዋል። በፍልስጥኤማውያን በተመቱ ጊዜ ንስሐ መግባትን ትተው ታቦቷን ከሴሎ አምጥተው ወደ ጦር ሜዳ ወሰዷት። ሰፈሩ ሁሉ በእልልታ ተናወጠ። በዚያች ቀን ግን ሠላሳ ሺህ እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቷም ተማረከች (1ኛ ሳሙ. 4)። የታቦቷ ክብር አልጎደለም፤ በዳጎን ቤት ኃይሏን አሳይታለች። የጎደለው የተሸካሚዎቹ ሕይወት ነበር። የካህኑ የዔሊ ልጆች እየበደሉ የተሸከሟት ታቦት ለበደላቸው ዋስ አልሆነችም።

ጌታም ፈሪሳውያን ሰው እንዲያይላቸው አሸንክታባቸውን ማስፋታቸውን ነቅፏል (ማቴ. 23፥5)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም በዘመኑ የነበሩ ሴቶች የወንጌል ጽሑፍ በአንገታቸው ያንጠለጥሉ እንደነበር ያነሣል። ትምህርቱም ወንጌል ሊጻፍ የሚገባው በልብ ላይ ነው የሚል ነው። በአንገት ላይ ያለው ይጠፋል፣ ይሰረቃል፤ በልብ ያለው ግን አይሰረቅም።

፯. እንግዲህ ምን እናድርግ?

«ሁሉንም እንቅደደው» የሚል መልስ ከአባቶች ትምህርት ጋር አይሄድም። ታላቁ ባስልዮስ እንዳስተማረው ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ ይሻገራል። ክብሩ ከተሻገረ ንቀቱም አብሮ ይታሰባል። ስለዚህ የሚከተሉትን ብናስብ መልካም ነው።

የመጀመሪያው ስፍራው ነው። ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ427 ባወጣው ሕግ የመስቀል ምልክት እንዳይረገጥ በመሬትና በወለል ላይ እንዳይቀረጽ ከልክሏል። ጎማ ጭቃ በሚረጭበት፣ ጭስ በሚወጣበትና ሜካኒኩ እግሩን በሚያሳርፍበት መከላከያ ላይ የእመቤታችንን ወይም የመላእክትን ሥዕል መለጠፍም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ሥዕሉን በመኪናው ውስጥ፣ ሹፌሩ ከጉዞ በፊት ቀና ብሎ በሚጸልይበት ንጹሕ ስፍራ ማኖር ይሻላል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ሌላውን ሰው ከመናገር ይልቅ ሹፌሩን ራሱን ይናገረዋል፤ የአምብሮስዮስ ልጓምም ይሆንለታል።

ሁለተኛው ጎረቤቱ ነው። በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ቅዱስ ሥዕልና ሴትን የሚያዋርድ ቀልድ ጎን ለጎን ተለጥፈው ማየት የተለመደ ሆኗል። የድንግልን ሥዕል በክብር ሰቅሎ ሴት ተሳፋሪዎችን የሚያሸማቅቅ ቃል ከሥሯ መለጠፍ ማንን ማክበር ነው? ከሁለቱ አንዱ መውረድ አለበት፤ መውረድ ያለበትም የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ዓላማው ነው። የምንለጥፈው ቃል ሌላ እምነት ያለውን ወንድማችንን ለመንካት ከሆነ መስቀሉን የግዛት ምልክት አድርገነዋል ማለት ነው። የአክሱም ሳንቲም ሕዝቡ ደስ ይለው ዘንድ ተመኘ እንጂ ለማሸማቀቅ አልተቀረጸም። የእኛም ልጥፍ ሌላውን ሰው መንገዱን ሲያቋርጥ ያለ ስጋት የሚያሳልፍ አሽከርካሪ እንዳለው ሊነግረው ይገባል።

አራተኛው ፍጻሜው ነው። ያረጀና የተቀደደ ሥዕል ወደ ቆሻሻ መጣያ ሊጣል አይገባውም፤ ለንስሐ አባት ነግሮ በክብር ማስወገድ ያስፈልጋል። መኪና ስንሸጥም ሥዕሉን በማን እጅ እንደምንተወው እናስብ።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ነገር ሹፌሮችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አንገታችን ላይ ያለው ማዕተብ፣ በስልካችን ሽፋን ያደረግነው መስቀል፣ በዓል ሲደርስ የምንለብሰው ጥቅስ ያለበት ልብስ ሁሉ በዚሁ ሕግ ይዳኛል። በግቢያችንም በሥራ ቦታችንም ሰዎች ከእነዚህ ምልክቶች በኋላ የሚመጣውን ሥራችንን ያነባሉ። በፈተና የሚኮርጅ ተማሪ ማዕተብ ስለ ማን ይመሰክራል? መንገድ የሚለቅ፣ መልስ በትክክል የሚመልስ፣ ለአረጋዊት እናት በሩን ራሱ ከፍቶ የሚያወርድ ሹፌርና ረዳትስ ያለ ልጥፍም ቢሆን ስለ ማን ይመሰክራሉ?

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ እነርሱ ራሳቸው ሰው ሁሉ የሚያነበው መልእክት መሆናቸውን፣ ይህም መልእክት በቀለም ሳይሆን በሕያው አምላክ መንፈስ በልብ ጽላት የተጻፈ መሆኑን ነግሯቸዋል (2ኛ ቆሮ. 3፥2-3)። በቀለም የተጻፈው በፀሐይ ይነጣል፣ በዝናብ ይላላጣል። በልብ የተጻፈው ግን ጋላቢው ከፈረሱ ሲወርድ፣ ሹፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ሲገባ አብሮት ይገባል። ቤተሰቡም ያነበዋል።

የፈረሶቻችንን ሻኩራ ከማስጌጣችን በፊት ልባችንን ለራሱ የተቀደሰ ያድርግልን፤ መንገዳችንንም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።